ሳነቴ ላይ የቀሩት ንቦች

ከደሎ መና የተነሳው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሐረና ጫካ ውስጥ ጎማ ፈንድቶበት ስለቆየ፣ ሳነቴ አናት ላይ ሲደርስ ጀንበር ጠልቃ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ሾፌሩ ወዚር ፍጥነቱን ቀንሶ የውስጡን መብራት አበራ። ለውበት ብሎ ያስገጠመው፣ ጣሪያው ላይ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋ ሰማያዊ መብራት ነው። ብርዱን ፈርተው ሁሉም መስኮታቸውን ዘግተዋል።

ደሎ መና ባዮሎጂ የምታስተምረው ፀዳለ አጠገቧ ከተቀመጡት ሽማግሌ ጋር ስታወጋ ነው የመጣችው። ሽማግሌው አባባ አያና ይባላሉ፤ ለቀጠሮ ጎባ ሆስፒታል የሚሄዱ ናቸው። ተማሪዎቿ በካርቶን ውስጥ ያበቀሉትን ቦሎቄ ነገረቻቸው። አንዱን ካርቶን በጎኑ ቀደው ሰማያዊ ላስቲክ ለጠፉበት፣ ሌላውን ደግሞ ቀይ። በሰማያዊው በኩል ቡቃያው ሁሉ ወደ ቀዳዳው አዘነበለ፤ በቀዩ ግን ብርሃን እንዳላየ ሁሉ ቀጥ ብሎ አደገ። አባባ አያና ተገርመው ለካ ቡቃያም እንደ ንብ ቀለም ይመርጣል አሉ። እሳቸውም ዕድሜ ልካቸውን ንብ ያነቡ ነበር። አምና ግን አንዲት ንብ ነድፋቸው ጉሮሯቸው ተዘግቶ ከሞት አፋፍ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ቀፎ አጠገብ አይደርሱም።

መጨረሻው ወንበር ላይ ፈርዶሳ የምትባል የአንገቱ ከተማ ልጅ በጆንያ የተሸፈነ ሣጥን በእግሮቿ መሐል ይዛ ነበር። ለረዳቱ ማር ነው ብላዋለች። ሣጥኑ ግን ቀፎ ነው፤ ውስጡም ንብ ሞልቷል። የራሷ ያለችው የመጀመሪያው ቀፎ ነው፤ ሲናና ወረዳ ባለው የአክስቷ ማሳ ዳር ልታስቀምጠው ነው የምትወስደው። ጣሪያ ላይ ቢጫን የሳነቴ ብርድ እንደሚፈጃቸው ታውቃለች።

መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲነጥር ሣጥኑ ከወንበሩ ብረት ጋር ተጋጨና ክዳኑ ተንሸራተተ።

መጀመሪያ አንዲት ንብ ወጣች። ፈርዶሳ ክዳኑን ለመመለስ ስትታገል ሌሎቹ በጣቶቿ መሐል እየሾለኩ ወደ ጣሪያው ተመሙ። ወዲያው ሰማያዊው መብራት በንብ ተሸፍኖ ጠቆረ። በይበልጥ የተከማቹት አባባ አያና አናት ላይ ነበር። ሰው በነጠላና በጃኬት መከላከል ሲጀምር ፈርዶሳ ተነስታ ቆመች።

«አትምቱ! አንዷ ከተጨፈለቀች ሽታዋ ሌሎቹን ያስቆጣል። ሱታ፣ ሱታ፤ ቀስ በሉ።»

ወዚር ሞተሩን ሳያጠፋ መኪናውን አቆመ። አባባ አያና ጋቢያቸውን እስከ አናታቸው ተከናንበው ይንቀጠቀጣሉ። ፀዳለ ንቦቹን አየች። ከሾፌሩ መስታወት በላይ ትንሽ ቀይ መብራት ትበራለች፤ ወደዚያች መብራት አንድም ንብ አልሄደም። ሁሉም ሰማያዊው ላይ ነው። ንብ ቀይ እንደማይታያት፣ ሰማያዊ ግን እንደሚስባት ራሷ ለተማሪዎቿ አስተምራለች። ለወዚር በሩን እንዲከፍት፣ የውስጡን መብራት እንዲያጠፋ፣ የመኪናውን የፊት መብራት ግን እንደበራ እንዲተወው ነገረችው።

ወዚር እጁን ማጥፊያው ላይ አድርጎ አመነታ። በጨለማ ሰው ላይ ቢሰፍሩስ አለ።

«እርግጠኛ ነሽ፣ ቲቸር?»

«አይደለሁም» አለች። እውነቷን ነው። ያነበበችውን አስተማረች እንጂ የሰው ነፍስ አስይዛበት አታውቅም።

ፈርዶሳ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ቀድማ ተረድታለች። «ከወጡ አይመለሱም፤ ብርዱ ይገድላቸዋል» አለች በቀስታ። ፈርዶሳ የሚንቀጠቀጠውን ጋቢ ለአፍታ አየችና ወደ ወዚር ዞረች።

«አጥፋው።»

በሩ ተከፈተ፤ የውስጡ መብራትም የስልክ መብራትም ሁሉ ጠፋ። በጨለማው ውስጥ የንቦቹ ጩኸት መጀመሪያ በረታ፤ የጠፋባቸውን የሚፈልጉ ይመስል ከፊት ወደ ኋላ ይዞራል። አንዲት ሴት ያ ረቢ፣ ያ ረቢ ትላለች። ፀዳለ ጉንጯን የሆነ ነገር ሲዳስሳት ዐይኗን ጨፍና ተሳሳትኩ ብላ አሰበች። ቆይቶ ጩኸቱ ወደ አንድ ወገን አደላ። በጆሮዋ ሥር እያለፉ በበሩ ወጥተው በመኪናው መብራት ወደሚያበራው ጉም ነጎዱ።

ሊያልቁ ጥቂት ሲቀር አባባ አያና ከጋቢያቸው ሥር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ነደፈችኝ» አሉ።

ፀዳለ ቀይ ሻርፗን በስልኳ መብራት ላይ አጣጥፋ ለፈርዶሳ አበራችላት። በቀዩ ብርሃን ሣጥኑ ውስጥ የቀሩት ንቦች አልተነሱም። ፈርዶሳ ክዳኑን ገጥማ በሻሿ ጠፍራ አሰረችው። በሩ ላይ ስትደርስ መብራቱ ፊት ሣሩ ላይ ክንፋቸው ደርቆ የወደቁትን አየች። የደነዘዘ ንብ ሲሞቅ ይነሳል፤ ጊዜ ብታገኝ በልብሷ ሰብስባ ታተርፋቸው ነበር። ከኋላዋ ግን የሽማግሌው ትንፋሽ ማፏጨት ጀምሯል። በሩን ራሷ ዘጋችና ወዚርን ሂድ አለችው።

ወደ ጎባ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ወዚር በጉሙ ውስጥ እንዴት እንደነዳው በኋላ ራሱም ሊያስረዳ አልቻለም። ፀዳለ አባባ አያናን ቀና አድርጋ ደግፋ፣ በየትንፋሻቸው መሐል የሚቀጥለውን ትጠብቅ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያወርዷቸው ከንፈራቸው አብጦ መናገር አልቻሉም። ነርሷ ሮጣ መጥታ መርፌ ወጋቻቸው።

ንጋት ላይ ድምፃቸው ተመለሰ። የቀፎውን ባለቤት አስጠሩ። ፈርዶሳ ስድብ ጠብቃ፣ ማር ነው ብላ መዋሸቷን አስቀድማ ልትናገር ተዘጋጅታ ገባች። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ጠየቋት።

«አውራዋ ንብ አለች?»

«አላውቅም አባባ፤ አልከፈትኩትም።»

«ፀሐይ ሳይሞቅ እንዳትከፍቺው። አውራዋ ካለች እንቁላል ትጥላለች፤ ሌላው ይተካል።»

ፀዳለ እስከ ሲናና አብራት ሄደች። ፀሐዩ ሞቅ ሲል ማሳው ዳር ክዳኑን አነሱት። ከዚያ ሁሉ ንብ የቀረው ከእፍኝ ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ሰፈፉ ላይ ተጠጋግቶ ሰፍሯል። ፈርዶሳ በጣቷ ቀስ ብላ ገለል ገለል አደረገቻቸው። መሐል ላይ አውራዋ ረጅም ሆዷን እየጎተተች ትሄዳለች።