ከስልሳ የማይወርደው ኮምፒውተር

ደባርቅ ውስጥ፣ ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቃ በቆመችው የደስታው ፎቶ ቤት የነበረው ኮምፒውተር ከጎንደር እስከ ሽሬ ባለው መንገድ ሁሉ አቻ አልነበረውም። ሲነሣ አውሮፕላን የሚነሣ ይመስላል፤ ሲያጓራ ተራራው ላይ፣ ሳንቃ በር ያሉ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ግጦሻቸውን ትተው ቀና ይላሉ። ይህን የሚለው ደስታው ራሱ ነው፤ ሲለውም አይስቅም። ዕድሜው አርባ አምስት ነበር።

ጧት ጧት ጉርድ ፎቶ ያወጣበታል፣ ማመልከቻ ይጽፍበታል፤ ከሰዓት በኋላ የኳስ ጌም ይጫወትበታል። የሚመካው ግን በሚያገባው ጎል አልነበረም፤ በስክሪኑ ጥግ ላይ በምትበራው አረንጓዴ ቁጥር እንጂ። ቁጥሯ ኮምፒውተሩ በአንድ ሰከንድ ስንት ሥዕል፣ እርሱ እንደሚለው ስንት ፍሬም፣ እንደሚያወጣ ትቆጥራለች። ሥዕሉ ሲበዛ ኳሷ ቅቤ ላይ እንዳለች ትንሸራተታለች፤ ሲያንስ ተጫዋቾቹ ከጠላ ቤት የወጡ ይመስል ይንገዳገዳሉ። ደስታው አንድ ቀን ዳባት ወርዶ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «የእኔ ከስልሳ ፍሬም ወርዶ ካያችሁት ከደባርቅ እዚህ ድረስ በእንብርክክ እመጣለሁ» ብሎ ነበር።

በዚያው ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ግን ከጌሙ ሌላ ነገርም ነበር። የሚስቱ የየሺወርቅ አባት፣ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል፣ በዚያ አገር ከእርሳቸው በቀር አሟልቶ የሚያውቀው የሌለውን ዜማ ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያች ክፍል ተቀምጠው አስቀድተውበታል። አርባ ሰዓት ይሆናል፤ ደስታው መቶ ነው ይላል። ባለፈው ፋሲካ ማግስት የኔታ ወደቁ። ሲነሡ አንደበታቸው አልታዘዝ አለ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት ከሰዓት መጥተው ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ደስታው የገዛ ድምፃቸውን ይከፍትላቸዋል፤ እርሳቸውም በመቋሚያቸው ወለሉን እየመቱ ይከተላሉ። ሌላ ድምፅ አልቀረላቸውም።

በ2007 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ በገበያ ቀን የሺወርቅ ዘንቢሏን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች።

«ሰኞ ዜማውን ወስዶ ሊማርበት ዲያቆኑ ከበየዳ ይመጣል። የአባቴን ድምፅ ወደ አዲሱ ዲስክ ገልብጠኸዋል?»

«ሦስት ቦታ አስቀምጬዋለሁ። አንዱን መብረቅ ቢመታው፣ አንዱን ጎርፍ ቢወስደው፣ ሦስተኛው አለ።»

«እስቲ አንዱን አሳየኝ።»

«ባንክ ቤት ሄደሽ ብሬን አውጥታችሁ አሳዩኝ ትያለሽ?»

«ደስታው፣ ሃያ ዓመት አብረን ኖረናል። ከገበያ ስመለስ ዲስኩን በእጄ ትሰጠኛለህ።»

ስትወጣ ዲስኩን ከነላስቲኩ ከመሳቢያ አወጣው። ላስቲኩን በጥርሱ ቀደደ፣ ሰካው፣ መገልበጥ ጀመረ። ስክሪኑ ሦስት ሰዓት ይፈጃል አለ። ለሦስት ሰዓት ምን አለበት ብሎ እጁን አጣጥፎ ሳይቀመጥ፣ የኔታ እንደ ልማዳቸው እየተደገፉ ገብተው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። ከኋላቸው ከዳባት በሚኒባስ የመጣ አንድ ጎረምሳ ብቅ አለ። ድረስ ይባላል፤ ያን ቀን ዳባት ላይ ጉራውን ቆሞ ሲሰማ ነበር።

«ጋሼ ደስታው፣ እንብርክኩ መቼ ነው? ወይስ አስፋልቱ እስኪበርድ እየጠበቁ ነው?»

«ጫማህን አውልቀህ ግባ» አለው ደስታው። «እንዲህ ያለ ማሽን ፊት በጭቃ አይቆምም።»

ድረስ ጎንበስ ብሎ ሲፒዩውን አየ። የጎን ክዳኑ ተነሥቷል፤ የተከፈተው ጎን ወደ መስኮቱ ዞሯል። ከውስጥ ማራገቢያው የለም።

«ፋኑስ?»

«ይጮህብኝ ነበር፤ ነቅዬ ጣልኩት። የሰሜን ተራራ ነፋስ በነፃ እየገባልኝ መዳፍ በምታህል ፋን ምን ልሠራ?»

እውነትም ነፋሱ በመስኮቱ ይገባ ነበር። ከወፍጮ ቤቱ በኩል ነው የሚገባው፤ ባዶ እጁንም አይገባም። ጾሙ ሲቃረብ የአገሩ ሰው የበሶ ገብሱን ቆልቶ ስለሚያስፈጭ ያ ወፍጮ ከጧት እስከ ማታ አያርፍም። ዱቄቱ የፎቶ ቤቱን ጣሪያ፣ የደስታውን ቅንድብ፣ ሁሉን አልብሶታል።

ጌሙ ተከፈተ። ቁጥሯ አርባ አንድ ላይ ቆመች።

«አርባ አንድ» አለ ድረስ፣ በለሆሳስ።

ደስታው ጆሮው ጋለ። «ከኋላ የሚገለበጥ ነገር አለ፤ እሱ ነው ፍሬሙን የሚበላው።» መገልበጫውን መለስ ብሎ አየው፤ ገና ጀማሪ ነው። አንድ ግጥሚያ ሃያ ደቂቃ ነው፤ የሺወርቅ ከገበያ ቶሎ አትመለስም። አቋረጠው። ቁጥሯ ተስፈንጥራ ስልሳ ገባች።

«ይኸው። ለዳባት ንገር።»

ጥቂት እንደተጫወቱ የተቆላ ገብስ ሸተተ።

«ማነው እንዲህ የሚቆላው?» አለ ድረስ። «አስራበኝ እኮ።»

«ጎረቤት ነው። በዚህ ሰሞን የማይቆላ ማን አለ?»

የኔታ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። አፍንጫቸውን ወዲህ ወዲያ አሉና በመቋሚያቸው ወለሉን አንድ ጊዜ መቱ።

«ዜማቸውን ፈልገው ነው» አለ ደስታው ሳይዞር። «ትንሽ ይታገሡኝ የኔታ፣ ይህችን ግጥሚያ ልጨርስና ድምፅዎን አሰማዎታለሁ።»

ከውጭ ነፋሱ ቆመ። ከገደሉ በኩል ጉም ወጥቶ መንገዱን ሸፈነው፤ ባጃጆቹ መብራታቸውን አበሩ። ቁጥሯ ሃምሳ ሁለት አለች።

ደስታው ጌሙን አቁሞ ሴቲንግ ገባ። ጥላውን አጠፋው። ስልሳ። ተጫዋቾቹ ግን ጥላ ሳይኖራቸው ሲሮጡ፣ እግራቸው ሣሩን የማይነካ ይመስል ነበር፤ እርሱም ዓይኑን ከእግራቸው አሸሸ። ቁጥሯ አርባ ሰባት ስትል ተመልካቹን አጠፋ። ሰማንያ ሺህ ሰው ባንድ ጊዜ ከስታዲየሙ ጠፋ፤ ጩኸቱ ግን ከባዶው ወንበር መሰማቱን አልተወም። ሠላሳ ስምንት። ሣሩን አጠፋ። ሠላሳ አንድ። የምስል ጥራቱን እስከ መጨረሻው አወረደው፤ ሃያ ሁለቱ ተጫዋቾች ፊታቸውን አጡ።

«ጋሼ፣ ይሄ ኳስ ነው ወይስ ሙታን ሲነሡ?» አለ ድረስ። ድምፁ ግን እንደ ቀልድ አልወጣም።

መቋሚያው ወለሉን ደጋግሞ መታ። የየዕለቱ ምት አልነበረም፤ ስልት የለውም፣ ይቸኩላል። ደስታው ሰምቶታል። ልቡም አንድ ነገር ብሎታል። ነገር ግን ቁጥሯ ሃያ ሁለት ላይ ነበረች፣ ድረስም ያያታል።

የኔታ ተነሡ። ግድግዳውን ተደግፈው ሁለት እርምጃ መጡና መቋሚያውን ዘርግተው የሲፒዩውን ሆድ ነኩት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ደስታው የመቋሚያውን ጫፍ በአክብሮት ይዞ ቀስ አድርጎ መለሰው።

«አወቅሁ የኔታ፣ ድምፅዎ እዚያ ውስጥ ነው። አሁን፣ አሁን።»

ዘጠኝ። አራት። ፊት አልባው በረኛ አየር ላይ እንደተንሳፈፈ ቀረ። ከዚያ እንደ ደረቅ እንጨት የሚሰበር ድምፅ ተሰማ፤ ጭስ ወጣ፤ ስክሪኑ ጠቆረ።

«መብራት ሄደ» አለ ድረስ።

ደስታው ወደ ግድግዳው ዞረ። ከግድግዳው ወዲያ፣ በዚያው መብራት የሚሠራው ወፍጮ መፍጨቱን አላቋረጠም ነበር።

ገመዱን ነቅለው ሲያዩት፣ የሲፒዩው ሆድ በዱቄት ተሞልቶ፣ ዱቄቱም ጠቁሮ እንደ ቂጣ ተጋግሯል። ሃርድ ዲስኩን ሲነካው ጣቱን አቃጠለው። ድረስ ጫማውን አጠለቀ። ስለ እንብርክኩ አላነሣም።

ሃርድ ዲስኩ በማግስቱ ጎንደር ወርዶ ለባለሙያ ታየ፤ ከውስጡ ምንም አይወጣም ተባለ። ሰኞ ዲያቆኑ ከነላፕቶፑ መጣ። የሺወርቅ አዲሱን ዲስክ ራሷ ሰካችው። ዲስኩ ውስጥ መገልበጡ ከመቋረጡ በፊት ያለፈ አንድ ቅጂ ብቻ ተገኘ፤ በመጀመሪያው ቀን ለሙከራ የተቀዳው።

ተከፈተ። መጀመሪያ የተሰማው የደስታው ድምፅ ነው፤ ወፍራም፣ ደስተኛ። «እዚህ ማሽን ውስጥ የገባ ነገር ዓለም እስክታልፍ አይጠፋም። የልጅ ልጅዎ፣ የልጅ ልጅ ልጅዎ ይሰሙታል፤ ምን ልጅ ብቻ፣ ገደሉ ላይ ያለው ዋሊያ ሳይቀር ይሰማዋል።» ቀጠለ፤ ረዘመ። ደስታው ወንበሩ ላይ ሆኖ ያ ሰውዬ ዝም እንዲል ለመነ።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሳል አሉ። «እሺ፣ ልጄ» አሉ፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነበር። «ልጀምር?»

የኔታ ከበሩ አጠገብ መቋሚያቸውን አነሡ፤ ከመጀመሪያው ቃል ጋር ሊመቱ።

ቅጂው እዚያ ላይ አለቀ። መቋሚያው እንደተነሣ ነው።