ዶማው ለማን ይሰጥ

በወደብ ከተማዋ ዛርዚስ ውስጥ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለችው የላሳድ ኢንተርኔት ቤት፣ ሹክሪ ጨዋታውን አቁሞ ስክሪኑ ላይ ካፈጠጠ ቆይቷል። ያዘዘው የሽምብራ ሾርባ አጠገቡ ቀዝቅዟል። ጣቱ ጊዜን የሚያስኬደው ቁልፍ ላይ ነው፤ ግን አይጫነውም።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ የልጅ ጨዋታ ነው። ጥቂት ጢማም ድንክዬዎች ባዶ ሜዳ ላይ ይሰፍራሉ፤ ቤት ይሠራሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይጣላሉ፣ ይሞታሉ። እነ ሹክሪ ግን የሚጫወቱት በራሳቸው ወግ ነው። አንዱ ሰፈሩን ለአንድ የጨዋታው ዓመት ይገዛና ለሚቀጥለው ያስረክባል። እያንዳንዱም ስሙን ለአንድ ድንክዬ ይሰጣል። የሞተ ደግሞ ሞተ ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደ አዲስ መጀመር ነውር ነው። የላሳድ ድንክዬ ገና በመጀመሪያው ክረምት ፍየል ወግታው ሞቶበት፣ እስካሁን ይሳቅበታል።

አሁን ተራው የሹክሪ ነው፤ የደረሰውም ክፉ ዓመት ነው። ሰፋሪዎቹ በእንጨት ዳስ ነው የሚኖሩት። በረዶው ሲቀልጥ ወራሪ ይመጣል፤ ዳስ ደግሞ ወራሪ አይመልስም። ለመዳን ከሥር ያለውን ድንጋይ ፈልፍሎ መግባት ነው፤ ከድንጋዩ በላይ ግን ውሃ ያዘለ አሸዋ ተኝቷል። በየትኛውም በኩል ቢነኩት ውሃ ይተፋል።

መላው ይታወቃል። ጉድጓዱ በጠባቡ ይወርዳል፤ ከላይ ሁለት ድንክዬዎች ፓምፕ እየገፉ ውሃውን ያወጣሉ፤ ቆፋሪው ትንሽ በገፋ ቁጥር ግንበኛው ከተል ብሎ ግድግዳ ያነሳል። ታዲያ ፓምፕ ገፊው ጠምቶት ዞር ካለ ወይም ቆፋሪው ከዘገየ ጉድጓዱ ይሞላል፤ የገባም አይወጣም። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚበቃ ቆፋሪ በሰፈሩ አንድ ብቻ ነው። እሱም ዋጅዲ ይባላል።

እውነተኛው ዋጅዲ፣ ስሙን ለድንክዬው የሰጠው ጓደኛቸው፣ ባለፈው ሳምንት በጀልባ ወደ ጣሊያን ተነስቷል። አብረውት የተሳፈሩት ሁሉ ስልካቸው ዝግ ነው።

«ተኛህ እንዴ?» አለ ላሳድ ከኋላ።

«እያሰብኩ ነው።»

«አንተ ስታስብ ወራሪው መጥቶ ይጨርሰናል። ዋጅዲን ውሃው ውስጥ ላከው እንጂ።»

ሹክሪ ዞሮ አየው። ላሳድ ምን እንደተናገረ የገባው ያኔ ነው። ጨርቅ አነሳና ንጹሑን ጠረጴዛ ይወለውል ጀመር።

ሹክሪ ፈርቷል። የፈራው ደግሞ የማያምንበትን ነገር ስለሆነ ራሱን መምከር አልቻለም። ድንክዬ ሰጠመ ተብሎ ሰው እንደማይሰጥም ያውቃል፤ ጥንቆላ በሚሉ አሮጊቶች ሲስቅ ነው ያደገው። ቢሆንም እጁ አልታዘዝ አለው። የፈሩት ይደርሳል ይባላልና፣ መፍራቱን ራሱን ፈራው።

በሩ ተከፈተና ሁሉም ኻልቲ፣ አክስቴ፣ የሚሏቸው ኻልቲ ማብሩካ ገቡ፤ የዋጅዲ እናት ናቸው። ሰሞኑን ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ከዓስር ሶላት ቀጥሎ ሳይመጡ አይቀሩም። የባሕር ማዶ ወሬ መጀመሪያ የሚደርሰው ኢንተርኔት ቤት ነው ብለው ያምናሉ።

«የተሰማ ነገር አለ?»

«የለም፣ ኻልቲ። ወሬ አለመኖሩም ደግ ነው» አለ ላሳድ።

«ትናንትም ደግ ነው ብለኸኛል።» ወንበር ስበው ሹክሪ ጎን ተቀመጡ። «ልጄን እንቅልፍ ሲነሳው የኖረው ይሄ ነው? በስሜ የሚጠራ አለኝ ይለኝ ነበር። የቱ ነው?»

ሹክሪ በጣቱ አሳያቸው። ቀይ ጢሙ እምብርቱ ድረስ የወረደ፣ ዶማ የያዘ ድንክዬ ነው።

«ጢሙ አላማረበትም» አሉ። ከዚያ ጣታቸው ከድንክዬው ሥር ወዳለው ሰማያዊ ነገር ሄደ። «ይሄስ?»

«ውሃ ነው።»

«እና እሱ ወዴት ነው የሚሄደው?»

ሹክሪ ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ። ሴትዮዋ ተረዱ። ክንዱን ጨምድደው ያዙት።

«አይገባም።»

«ኻልቲ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጨዋታ መሆኑን አላጣሁትም፤ አላበድኩም። አይገባም አልኩህ። ሌላ ይግባ። የሌላ ሰው ልጅ የለም እዚህ?»

ባሉት ነገር ራሳቸው ደነገጡ፤ ቃላቸውን ግን አልመለሱም።

ሹክሪ ዶማውን ከዋጅዲ ወሰደና ለአንድ አናጢ ሰጠው። አናጢው ከተፈጠረ ጀምሮ አፈር ቆፍሮ አያውቅም። ላሳድ የአናጢውን ስም አንብቦ አፉን ሊከፍት ሲል ሹክሪ በዓይኑ ተቆጣው።

«ይሄኛው የማን ነው?» አሉ ኻልቲ ማብሩካ።

«የማንም አይደለም።»

«እናት የለውም?»

«የለውም» አለና ቁልፉን ተጫነው።

አናጢው ወረደ። መጀመሪያ ላይ ሁሉ ነገር አማረ። ፓምፖቹ ይሠራሉ፣ የመጀመሪያው ግድግዳ ቆመ፣ ሁለተኛውም ቆመ፤ ላሳድ እንኳ «እሰይ» ብሎ ተጠጋ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ሦስተኛው ላይ አናጢው ዶማውን እያነሳ ቢጥል አሸዋው አልላቀቅ አለው። ዋጅዲ ቢሆን ይሄኔ ጨርሶ ወጥቷል። አንዱ ፓምፕ ገፊ ጠማው፤ እጀታውን ትቶ ወደ ጠላው በርሜል ሄደ። ውሃው እስከ አናጢው ጉልበት ደረሰ።

ሹክሪ ጊዜን አቆመ። ትዕዛዝ ቀየረ፣ ሌላ ገፊ ጠራ፣ ለቀቀው። ወገቡ ደረሰ። እንደገና አቆመ። ጊዜ ሲቆም ውሃውም ይቆማል፤ ጎኑ የተቀመጡት እናትም መተንፈስ ያቆማሉ። ሁልጊዜ አቁሞ መኖር ቢቻል ማንም አይሞትም ነበር፤ ግን ያኔ ማንም የትም አይደርስም። ለቀቀው።

ስክሪኑ ግርጌ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ኻልቲ ማብሩካ መነጽራቸውን አልያዙም።

«ምን ይላል?»

«ሰጠመ» አለ ሹክሪ።

«ያ እናት የሌለው?»

«አዎ።»

«የእኔ ደህና ነው?»

«ከላይ ቆሟል፤ ደህና ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ክንዱን ለቀቁት። ፊታቸው ፈካ፤ ያን ሳምንት ሙሉ እንዲህ ፈክቶ አያውቅም።

ላሳድ አልቻለም። «ኻልቲ፣ የሰጠመው እኮ ሹክሪ ነው። በራሱ ስም የሚጠራውን ድንክዬ ነው ያስገባው» አለ።

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ዞሩ። ሹክሪ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ እንደተከለ ነው። የፈካው ፊታቸው እያዩት ጠቆረ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ይቅርታ ሊሉ ነው የመሰለው፤ አላሉም።

«እናትህ ጋ ደውል» አሉ።

«ኻልቲ፣ ምንም አልሆንኩም እኮ።»

«አሁን ደውል። ድምፅህን ትስማ።»

ደወለ። እናቱ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሱት።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም። እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ ብሎ የሚደውል ማን አለ? የሃሪሳ ድልሁ አልቋል፤ ስትመጣ ይዘህ ና። ደግሞ ጫማህን ደጃፍ ላይ ጥለኸው ሄደህ አባትህ ተሰናክለውበት…»

ኻልቲ ማብሩካ ተጠግተው ጆሯቸውን ከስልኩ ጀርባ ለጠፉ። ሹክሪ የሽቶ ሳሙናቸው ሸተተው። «እሺ፣ በቃ መጣሁ» ብሎ ሊዘጋ ሲል እጁን ያዙት።

«አትዝጋው» አሉ በሹክሹክታ። «ተዋት፣ ትቆጣ።»