እንባ የሌለው ለቅሶ

ሕሊና አፏን ከፍታ ታለቅሳለች፤ ጉንጯ ግን ደረቅ ነው። እናቷ ስጦታ ይህን ያየችው ፊቷን ልትጠርግላት ወደ በሩ ብርሃን ስታስጠጋት ነበር። የምትጠርገው እንባ አጣች። ዳዴ ማለት የጀመረችው ልጅ ትናንት ተቅማጥና ትውከት ሲይዛት ለቅሶዋ ለጎረቤት ይሰማ፣ እንባዋም እስከ አንገቷ ይወርድ ነበር። አሁን ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ከሸናችም ቆይታለች።

«እማማ፣ እባክዎ ውሃ ልስጣት።»

አማቷ አመተ ማርያም የውሃውን ጆግ ከኋላቸው አድርገው ተቀምጠዋል። «ባለ መድኃኒቱ ምን ነበር ያለሽ? ውሃ ያባብስባታል አላለሽም? ትናንትስ የሰጠሻትን መልሳ አልተፋችውም?»

ባለ መድኃኒቱ ዳባት ከተማ ዋናው መንገድ ዳር የመድኃኒት ሱቅ ያለው፣ ድረስ የሚባል ሰው ነው። ትናንት ስጦታ ልጇን ታቅፋ ፊቱ ስትቆም ነጠላውን ገለጥ አድርጎ እንኳ አላየም። ስልክ እያወራ አንድ ጠርሙስ ሽሮፕ ገፋ አደረገላትና «ውሃም ጡትም ቀንሺባት፣ ሆዷ ይረፍ» ብሎ ሸኛት። እሷም አመነችው፤ ነጭ ጋዋን ለብሶ ነበር።

«ሽሮፑ ካላሻላት እንግዲያው ግግ ነው» አሉ አመተ ማርያም። «ያ ድድ እየሰነጠቀ የሚያወጣው ሰውዬ ዛሬ ገበያ ይወርዳል። እሱ ዘንድ እንውሰዳት።»

«በየትኛው ብረቱ ነው ልጄን የሚነካት?» ስጦታ በአማቷ ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም ነበር። «ልጄ በውሃ ጥም እየነደደች እርስዎ ድዷን ሊያስቀድዱ!»

ጆጉን ከኋላቸው አነሣችና በማንኪያ ወደ ልጇ አፍ አስጠጋች። ትናንት ማንኪያውን ነክሳ አልለቅ ያለችው ሕሊና ዛሬ ከንፈሯን አላንቀሳቀሰችም። ውሃው በአገጯ ወረደ።

አመተ ማርያም ይህን ሲያዩ ራሳቸው ተነሥተው ልጅቷን በእናቷ ጀርባ ላይ አዘሉላት።

የነሐሴ ጭቃ እግር ይይዛል። ስጦታ እየወደቀች እየተነሣች ጤና ጣቢያ ደረሰች። አበባየሁ የምትባለው ነርስ የሕሊናን ሆድ ቆዳ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ለቀቀች። ቆዳው እንደ ተቆነጠጠ ቆሞ ቆየና በዝግታ ተመለሰ። አናቷን ዳሰሰች፤ እርግብግቢቷ ወደ ውስጥ ገብቷል።

«ልጅቷ ውሃዋ አልቋል። ምን ስትጠጣ ነበር?»

«ምንም። አትስጪ ተባልኩ።»

ነርሷ ማን እንደ ከለከላት አልጠየቀችም። የደም ሥር ፈልጋ ፈልጋ አገኘችና ሰው ሁሉ ግሉኮስ የሚለውን ፈሳሽ ሰቀለችላት።

ከሰዓት በኋላ ሕሊና መርፌ ያለበትን እጇን እየሳበች አለቀሰች። ስጦታ ጎንበስ ብላ አየች፤ ዓይኗ ጥግ ላይ እንባ አቅርሯል። ጥቂት ቆይታ ደግሞ እናቷ ጭን ላይ ሸናች። ስጦታ ቀሚሷ እስኪርስ ድረስ ፍንክች አላለችም።

«ይህን ዱቄት በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጠሽ ስጫት» አለች አበባየሁ ኦአርኤስ የሚባለውን ፓኬት እያሳየቻት። «ካስመለሳት ትንሽ ጠብቀሽ እንደገና በማንኪያ ቀስ እያደረግሽ። ጡትም እንዳታቋርጪ። የሚያደርቃት የሚወጣውን አለመተካት ነው።»

ስጦታ ደስ ሊላት ሲገባ ደሟ ፈላ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር? እሷ መቼ ችላ አለች፤ ያውቃል ያለችው ሰው ዘንድ ሄዳ አልነበረም?

ልጇ ድና ከጤና ጣቢያ ሲወጡ ስጦታ እንደ ታቀፈቻት በቀጥታ ወደ ድረስ ሱቅ ገባች።

«አስታወስከኝ?»

«ልጅሽ ተሻላት? እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ድረስ ቀና ብሎ።

«ተሻላት፤ ያዳንካት ግን አንተ አይደለህም። ነጠላዬን ገልጠህ ዓይኗን ብታይ ምን ነበረበት? ካላወቅህስ አላውቅም፣ ጤና ጣቢያ ሂጂ ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር?»

«የተለመደውን ነው የነገርኩሽ። ሥራ ላይ ነኝ፣ አትጩሂብኝ!»

«የተለመደውን! በዚሁ በተለመደው ስንቱን ልጅ ሸኘህ?»

አጠገቧ ሌላ እናት ሕፃን ታቅፋ ቆማለች፤ በእጇ ያንኑ ሽሮፕ ይዛለች። ስጦታ ወደ እሷ ዞረች።

«ተቅማጥ ነው እህቴ? ሲያለቅስ እንባ አለው?»

ሴትዮዋ ግራ ገባት። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ነበር። አሁንማ ተሽሎት መሰለኝ፣ ዝም ብሏል።»

ስጦታ ነጠላውን ገለጠች። ዓይኑ ተከድኖም ግማሹ ይታያል። ጠርሙሱን ከሴትዮዋ እጅ ወስዳ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«አልተሻለውም። ነይ፣ ፍጠኚ!»

ድረስ ከኋላቸው «ደንበኛዬን የት ትወስጃታለሽ?» እያለ ሲጮህ ማንም አልዞረለትም። ሁለቱ ሴቶች በጭቃው ውስጥ እየተደጋገፉ ሮጡ። አበባየሁ የልጁን ሆድ ቆንጥጣ አየችና «ደርሳችሁለታል» አለች። ስጦታ ሕሊናን በአንድ እጇ እንደ ታቀፈች፣ ፈሳሹ የሚሰቀልበትን ብረት ማንም ሳይጠይቃት እየጎተተች አመጣች።