ውሃ የሚገባባቸው ቤቶች

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቶቿን ለማሳመን ምላሷ እስኪደርቅ ለፍታለች። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሰፈሩ በጎርፍ ይጥለቀለቃል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግን "ጥናት የለንም" ከማለት በቀር ጠብ የሚል ነገር አላደረገም።

"እንግዲያው ጥናቱን እኛው እንሥራላቸዋ!" አለች።

"ከመርፌ ወደ መሐንዲስነት!" ብሎ ሳቀባት የሰፈሩ በያጅ። ውሎ አድሮ ግን እሱም ገባበት። ጡረተኛው መምህር ካርታ አሳሳል አስተማራቸው። በያጁ የተደፈኑትን ቱቦዎች አንድ በአንድ ከፍቶ አሳየ። ሴቶቹ ውሃው በየግድግዳቸው እስከየት እንደወጣ በልብስ ሰፊዋ ሜትር ለክተው ጻፉ። አንዱ ያላወቀውን ሌላው እየነገረው፣ ጎርፉ ከየት ገብቶ የት እንደሚተኛ ሁሉም እንደ እጁ መዳፍ አወቀው። መፍትሔውንም አሰፈሩ፦ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ አንድ ቦይ ይቆፈር። ስድሳ ሁለት አባወራ ፈረመበት።

የማዘጋጃ ቤቱ የፕላን ባለሙያ ይዛለት የሄደችውን ካርታ ሲያይ ፊቱ በራ። "እንዲህ ያለ ሥራ ከሕዝብ መጥቶ አያውቅም" አላት።

በሦስተኛው ወር አስጠራት። ካርታቸው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ ሰፈሩ በቀይ ተከቧል።

"ባቀረባችሁት መረጃ መሠረት ቦታው ለመኖሪያ አይሆንም" አለ ቀና ብሎ ሳያያት። "በሠላሳ ቀን ይነሳል።"

"ቦዩስ?"

"ቦዩ በጀት የለውም።"

"ኧረ ጌታዬ፣ እኛ እኮ እንዲሠራልን ነው የለካነው!"

"ለክታችኋል፣ ፈርማችኋል። አሁን ምን ብላችሁ ልታስተባብሉ ነው?"

ለመነችው። የአለቃውን ቢሮ ደጅ ሦስት ቀን ጠናች፤ ሦስቱንም ቀን "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባለች። መምህሩ የጻፈው አቤቱታም ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰ፦ ተቀባይነት የለውም።

ሰፈር ውስጥ የሰደባት የለም። አማቷ ብቻ "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ስታልፍ ወሬ ይቆማል። የጀመረችው ስፌትም ሳይጨረስ ቀረ።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን በያጁ ራሱ የሠራውን የብረት በር ብቻውን ሲነቅል አየችው። ሄዳ አንዱን ጫፍ ያዘች።

"ተዪው እህቴ" አላት። "እስካሁን የረዳሽን ይበቃናል።"

እሷ ግን አልለቀቀችም። በሩ ከበደውና እሱም ተዋት። ተሸክመው ጭቃውን እየረገጡ ዕቃ ወደሚጫንበት መኪና ወሰዱት።