የእትዬ ገላነሽ እግር

ወረታ ክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ። የቁሐር ሚካኤሏን እትዬ ገላነሽን እግራቸውን እሾህ ወጋቸው። ክረምቱን ሙሉ ውኃ በተኛበት ማሳ ሲመላለሱ ቁስሉ አመረቀዘና በ፲፱፻፶፬ መስከረም ሲጠባ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጠቆረ። ከባላቸው ከአያ በላቸው ጋር በጭነት መኪና ወደ ጎንደር ይዘናቸው ሄድን። የትውልድ አገራቸው ይፋግ ስንደርስ፣ ትኩሳቱ እያንቀጠቀጣቸው እንኳ ባላቸውን መነዝነዝ አልተዉም።

«ብሞት እዚሁ ከእናቴ ጎን ቅበረኝ። ካንተ ጎን አልተኛም!»

«እሺ» አሉ አያ በላቸው፣ ጋቢያቸውን እያለበሷቸው።

ፈረንጁ ሐኪም እግሩን አይቶ፣ «ዛሬ ካልተቆረጠ ይሞታሉ» አለኝ። ጸሐፊው የፈቃድ ወረቀት አመጣ፤ በደንቡ የሚፈርመው ባል ነው። አያ በላቸው ግን አውራ ጣታቸውን ሸሸጉ።

«እግሩ የእሷ ነው። እሷን ጠይቋት።»

ተናደድኩ። ሴትዮዋ እየሞቱ እኝህ ሰውዬ ክርክር ያዙ! ቢሆንም ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ይቆረጥ» አሉ እትዬ ገላነሽ። «ግን አገሬ ተወስዶ ይቀበር። በትንሣኤ ስነሣ እግሬን ጎንደር ስፈልግ ልዋል?»

ሐኪሙ የተቆረጠ አካል ይቃጠላል እንጂ አይሰጥም አለ። ይህን ለእትዬ ገላነሽ አልተረጎምኩላቸውም። አያ በላቸውን ወደ ውጭ ጠራኋቸው።

«ይሰጥዎታል እንበላቸውና ይፈርሙ። ከዳኑ በኋላ ይቆጡን።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ። «አንተ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ስንኖር ዋሽቻት አላውቅም። አሁን አልጋ ላይ ሆና ልጀምር?»

አፈርኩ። ተመልሼ ሐኪሙን ለመንኩት፤ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። በመጨረሻ፣ በሣጥን ታሽጎ ቶሎ እንዲቀበር ፈቀደ። እትዬ ገላነሽ በራሳቸው ጣት ፈረሙ። ጸሐፊው «ደንብ ነው» ቢል አያ በላቸውም ከሚስታቸው አሻራ ሥር አሻራቸውን አኖሩ።

በማግስቱ እትዬ ገላነሽ ሲነቁ አያ በላቸው ሣጥኑን አቅፈው አጠገባቸው ቆመዋል። መኪናው ሊያመልጠን ነው ብዬ ብጮህ ንቅንቅ አላሉም።

«የት ልውሰደው?» ሲሉ ሚስታቸውን ጠየቁ። «ይፋግ ነው ቁሐር?»

እትዬ ገላነሽ ባላቸውን ትክ ብለው አዩ።

«ቁሐር ውሰደው። አንተ ከምትቀበርበት ጎን» አሉ። «ታዲያ እግሯ እዚያ ነው ብለህ እንዳትቸኩል።»