ምንጣፍ ሥር ያለው ሽቦ

የልጅቱ እጆች አየር ላይ እንደ ተንጠለጠሉ ምስሉ ደረቀ። ቀኝ እጇ ወደ ደረቷ ሊመለስ ነበር። እናትየዋ ኮምፒውተሩን ትክ ብላ እያየች ጠበቀች። ሞደሙ ላይ ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም አለች፤ መስመሩ እንደገና ተቆረጠ።

ሌላ ሰው ቢሆን ስልክ አንሥቶ "ምን እያልሽኝ ነበር?" ይላል። የእሷ ልጅ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ አትሰማም። እናትና ልጅ የሚነጋገሩት በእጅና በፊት ነው፤ ልጅቱ ለማስተማር ሩቅ ከተማ ከሄደች ወዲህ ደግሞ በዚህ መስኮት ብቻ። ምስሉ ሲደርቅ ቋንቋውም አብሮ ይደርቃል።

ጥቂት ቆይቶ መልእክት ገባ። "እማዬ፣ አባዬ ከሞተ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ጠግቤ አላየሁሽም። መስመሩን አሠሪ። ካልሆነ ሥራዬን ጥዬ እመጣለሁ፤ ቀልዴን አይደለም።"

"ደህና ነኝ እኮ፣ መስመሩ ነው" ብላ መለሰች። ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ይህቺን ማመካኛ ለምዳታለች።

በማግሥቱ የመስመር ሠራተኛው መጣ። ጎልማሳ ነው፤ የመሣሪያ ቦርሳው ትከሻውን አጣሞታል። ደረጃውን ጨርሶ እያለከለከ፣ "እትዬ፣ እዚህ ላይ ቤት የሠራ ሰው ከእኛ ጋር ቂም አለው" አላት።

"አረፍ በል መጀመሪያ።"

"ካረፍኩማ አልነሣም።"

ኬብሉን ቀየረ። የስልኩን ድምፅ ከኢንተርኔቱ የምትለየውን ትንሽ ማጣሪያ ነቅሎ ሌላ ሰካ። ለውጥ የለም። መለኪያውን ከሶኬቱ ጋር አገናኝቶ ሲያይ ግንባሩን ቋጠረ።

"ቤት ውስጥ ሌላ የተሰካ ስልክ አለ?"

"የለም።"

"ከቢሮ በስልክ ላነጋገረችዎት ሠራተኛም እንዲሁ ብለዋታል።"

"ስለሌለ ነዋ!"

መለኪያውን ወደ እሷ አዞረው። "እኔ ልመንዎት፤ ይኼ ግን እምቢ አለ። መስመሩ እዚህ አያልቅም፤ ወደ ውስጥ የገባ ቅርንጫፍ አለው። ኢንተርኔትዎ እዚያ ድረስ ደርሶ እየተመለሰ ከራሱ ጋር ይጋጫል።"

ዓይኗ ከዳት፤ ወደ መኝታ ቤቱ በር ሄደ።

እሷ ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት ከጀመረች ወዲህ ያ በር ለአቧራ ማራገፊያ ካልሆነ አይከፈትም። ከፈተችለት። አልጋው ተነጥፏል። ከራስጌው፣ በርጩማ ላይ፣ ስልኩ እንዳለ ነው። ሠራተኛው ተንበርክኮ የምንጣፉን ጠርዝ ገለጠና ከት ብሎ ሳቀ።

"ኧረ ጉድ! ይኼ እኮ የቴፕ ድምፅ ማጉያ ሽቦ ነው። መጋጠሚያውን ደግሞ በቁስል ፕላስተር አስሮታል! ማን ነው ይኼን የሠራልዎት? ሐኪም ነው?"

"ባለቤቴ ነው።"

"በሉ ከእኔ ጋር አገናኙኝ፣ እኔና እሱ የምንነጋገረው—"

"ዐርፏል።"

ሰውየው ምንጣፉን እንደ ያዘ ቀረ። "አፈር ስሆን፣ እትዬ። ምላሴ ነው።"

"ግድ የለም። እሱም ቢሰማህ ይስቅ ነበር።" ስልኩን እያየች ቀጠለች። "ከአልጋ መውረድ እየከበደው ሲመጣ ድምፁም ደከመ። ቢጣራ ወጥ ቤት አይሰማኝም። በጉልበቱ እየዳኸ፣ ሁለት ቀን ሙሉ አትንኪኝ ብሎኝ ዘረጋው። ከዚያ በኋላ እዚሁ ተኝቶ እጅ ስልኬ ላይ ይደውልልኝ ነበር።"

ሠራተኛው የስልኩን እጀታ አነሣ። "ከመቁረጤ በፊት ጥፋቱ የሽቦው ይሁን የስልኩ ልለይ። ቁጥርዎን ይንገሩኝና ከዚህ ልደውል፤ እርስዎ የሚሰማዎትን ይነግሩኛል።"

ሳታስበው ነገረችው። ወጥ ቤት ሳትደርስ የእጅ ስልኳ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ጮኸ። መስታወቱ ላይ ባሏ በገዛ እጁ የጻፈው ስም በርቷል፦ "ጌታው ከአልጋ"።

አነሣችው። ያው ጩኸት ነው፤ ሽሽሽ የሚለው። እሱ ዝናብ ይለው ነበር። "እኔ ዘንድ ዘንቧል፤ አንቺ ዘንድ እንዴት ነው? የጠየቅኩት ሻይ በጎርፍ ተወሰደ?" ይላት ነበር። ጆሮዋን አጥብቃ ለጠፈች። ከዝናቡ ወዲያ የሰው ትንፋሽ ይሰማል።

"ሃሎ? እትዬ? ይሰማዎታል?"

በእጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

"ይሰማኛል" አለች። "ዝናብ አለው።"

ስትመለስ ሠራተኛው በሩ ላይ ፊቷን አይቶ ዓይኑን ወደ ሽቦው መለሰ። "መጋጠሚያው ዝጓል፤ ማጣሪያም አያድነውም። ከፈለጉ ግን በደህና ኬብል እቀይርልዎታለሁ። ስልኩም እዚሁ እንዳለ ይሠራል።"

"ማን ሊደውልበት?"

ሠራተኛው መቁረጫውን ሲያወጣ እጇን ዘረጋች። "ለእኔ ስጠኝ።"

ፕላስተሩ ላይ የባሏ አውራ ጣት ተጭኖ ያለፈበት ቦታ ይታያል። እሱን አልነካችም፤ ከጎኑ ቆረጠች። ሰውየው የቀረውን ሽቦ ስቦ አወጣ፤ ቆሻሻ ውስጥ አልጨመረውም። ጠቅልሎ ከስልኩ አጠገብ በርጩማው ላይ አኖረው።

እሱ ከሄደ በኋላ ሞደሙ አረንጓዴ እንዳበራ ቆየ። ልጅቱ ደወለች። ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ፤ ጣቷ ላይ የቀረው የጠመኔ ብናኝ ሳይቀር ይታያል።

"አየሁሽ! አየሁሽ!" አሉ እጆቿ። ከዚያ ቀስ አሉ። ወደ መስታወቱ ጠጋ አለች። "እማዬ፣ ዓይንሽ ምን ሆነ? ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የከሳሽው?"

የእናትየዋ እጆች የለመዱትን ሊሉ ተነሡ። "መስመሩ ነው" ሊሉ። መሃል ላይ ቆሙ። ምስሉ እንዲደርቅ ጠበቀች። አልደረቀም። ልጇ ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች፤ የምትሸሸግበት ነገር የለም።

"ዛሬ የአባትሽ ስልክ ደወለ" አለች።

ሌላም ልትጨምር ነበር። ሁለቱም እጆቿ ግን ወደ ፊቷ ሄዱና ሸፈኑት፤ ለቃል የሚሆን እጅ አልተረፋትም። ልጅቱም ወዲያ ማዶ ሆና፣ የእናቷ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ እያየች፣ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።