የፍልሰታ አጥሚት

እኔ ያጎረስሁት በሽተኛ ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም። ይኸን ስል የሚስቅ ካለ ፀዳ ሰፈር ይምጣና ይጠይቅ። ከአምስተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ነኝ፣ እሺ። ግን ነርሷ ለምና ለምና ያልዋጠላትን ሰው እኔ በአንድ ቀልድ አፉን አስከፍተዋለሁ።

ማኅበራችን ትንሽ ናት። ጎንደር ውስጥ ካቶሊክ ስንት አለና! መነኩሴም ቄስም የለንም፤ ጸጉር የምትሠራ አለች፣ ባጃጅ የሚነዳው አያ ክንዱ አለ፣ እኔ አለሁ። አለቃችን ልብስ ሰፊዋ እትዬ ሰብለ ወንጌል ናት። ጠያቂ የሌላቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞርን እናጥባለን፣ እናበላለን፣ ቤታቸውን እንጠርጋለን። ደመወዝ የለውም። እናቴ "በነጻ የሰው ቤት ከምትጠርጊ የእኔን ብትጠርጊ ምን አለ?" ትለኛለች። የእሷን ቤት ብጠርግ ማን ሊያመሰግነኝ!

ዘንድሮ በፍልሰታ የደረሱኝ እማማ የትነበርሽ ናቸው። አገራቸው አምባ ጊዮርጊስ ነው። በግርግሩ ጊዜ ወደ ከተማ ወርደው ፀዳ ላይ ከሰል ሻጯ እትዬ ውቢት ግቢ አንዲት ክፍል ተጠግተው ቀሩ። ሰኔ ላይ ታመው ተኙ፤ ነሐሴ ሲገባ አጥንት ብቻ ሆነዋል። የሚያወሩት ግን ስለ ሕመማቸው አይደለም፣ ስለ ቁርባን ነው። በልጅነታቸው ከቆረቡ ወዲህ ቀምሰው አያውቁም። "አረቄ ሳወጣ፣ ከአንዱ ባል ወደ አንዱ ስል ዕድሜዬ አለቀ" አሉኝ፤ እኔ አልጨመርሁበትም። አሁን የንስሐ አባታቸው ቄስ እንግዳው ቀኖናቸውን አስጨርሰው፣ "ፍልሰታን ይጹሙ፤ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ይቆርባሉ" ብለዋቸዋል። ነጭ ቀሚስና ነጠላ እራስጌያቸው ተንጠልጥሎ ይጠብቃል።

እትዬ ሰብለ ስትልከኝ በር ላይ ያዘችኝ።

"ፍሬሰላም፣ የሚበሉትን ጠይቀሽ ስጪ። ጾማቸው ውስጥ እንዳትገቢ። እዚህ ሰው በሩን የሚከፍትልን አምኖን ነው።"

"እኛስ ፍልሰታን አንጾምም እንዴ?"

"አንቺ ስትጾሚ አይቼ አላውቅም" አለችኝ።

ሄድሁ። የአጃ አጥሚት ሠርቼ ባጎርሳቸው ሁለት ማንኪያ ውጠው ፊታቸውን አዞሩ። በማግሥቱም እንደዚያው። እንግዲህ እሳቸው በዚህ ዓይነት እንኳን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም አይደርሱም። ለሕፃናት የምናድለው የዱቄት ወተት ከቦርሳዬ ነበረ። አንድ ማንኪያ ጨመርሁበት። በሚቀጥለው ቀን ሁለት። ከዚያ በኋላ በማንኪያ መስፈሩን ተውሁት።

"ምነው ልጄ፣ እንዲህ የሚጥም የጾም ምግብ አለ እንዴ?" አሉኝ ከንፈራቸውን እየላሱ።

"እጄ ነው እማማ።"

"እጅሽ ይባረክ። ሸጋ ልጅ!"

ታዲያ ይኸን ምርቃት ማን ይጠላል? እማማ መጀመሪያ ተደግፈው ተቀመጡ፣ ቀጥሎ ግድግዳ ይዘው ቆሙ፣ ከዚያ በበትር እስከ ደጅ ወጡ። አያ ክንዱ በበዓሉ ቀን በባጃጁ ሊያደርሳቸው ቃል ገባ። እሳቸውም ጠዋት ጠዋት ደጅ ተቀምጠው ለሚያልፈው ሁሉ "እቆርባለሁ እኮ!" ይላሉ፤ እንደ ሙሽራ።

በዋዜማው እትዬ ውቢት ነጠላቸውን አጥባ ስታሰጣ እኔ ሰሃን አጥብ ነበር።

"አየሽ የእመቤታችንን ሥራ!" አለችኝ። "ጾሙ ነው ያቆማቸው። እናንተ ካቶሊኮቹ ይኸን አታውቁትም።"

ዝም ልል ነበር። እውነቴን ነው፣ ልል ነበር። ግን ሁለት ሳምንት ጭቃ ስረግጥ፣ አፋቸውን ስጠርግ፣ ሽንታቸውን ስደፋ የከረምሁት እኔ፣ ምስጋናው ለጾም!

"ጾም ሰው ሲያቆም የት አየሽ?" አልኋት። "ያቆማቸውስ የእኔ ወተት ነው!"

እትዬ ውቢት ነጠላው ከእጇ አመለጣት፤ ጭቃው ላይ ወደቀ። ከቤት ውስጥ የበትር ኳኳታ ሰማሁ። እማማ በሩ ላይ ቆመዋል።

"የምን ወተት?"

"እማማ፣ የዱቄት ነው፤ ከላም የታለበ እንኳን አይመስልም..."

"ከመቼ ጀምሮ?"

የታጠበውን ሰሃን እንደገና ማጠብ ጀመርሁ። እሳቸው ደፉ ላይ ቁጭ አሉና በለበሱት አሮጌ ነጠላ ጫፍ ከንፈራቸውን ጠረጉ፤ ደጋግመው ጠረጉ፣ እስኪቀላ። እትዬ ውቢት ግን ለሁለታችን የሚበቃ ጮኸች። "ካቶሊክ ወደ ግቢዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ! ጥፋቱ የእኔ ነው!"

ቄስ እንግዳው ሲመጡ ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም። ያ ባሰብኝ።

"ሳያውቁ የበሉት ነው፣ አይዘኑ" አሉ ቀስ ብለው። "ግን ጾሙ ፈርሷል። ትንሽ ቀኖና እሰጥዎታለሁ፤ ሌላ ጊዜ ይቆርባሉ።"

"አባቴ፣ ሌላ ጊዜ ማን ያደርሰኛል?" አሉ እማማ።

ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሟቸውና ወጡ። ወደ እኔ አላዩም።

በበዓሉ ቀን አያ ክንዱ ባጃጁን አጥቦ መጣ፤ የነገረው አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ እስከ ፀዳ ዳር ይሰማል። እማማ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። አያ ክንዱ ነገሩን ከእትዬ ውቢት ሰምቶ፣ "ምነው አንቺ ልጅ?" አለኝና ባዶውን ባጃጅ ይዞ ተመለሰ።

ወሬ እግር አለው። በሌሎቹ ቤቶች ያሉትም አጥሚት ሳቀርብላቸው መጀመሪያ ያሸታሉ። አንዲቱ "ቅመሽው" አለችኝ። ሌላዋ በሩን ከፍታ እንኳን አላየችኝም፤ ከውስጥ ሆና "ድነናል፣ ሂጂ" አለች፤ ስታስል እየሰማኋት። እትዬ ሰብለም ብዙ አልተናገረችኝም። "ይኸን በር ለማስከፈት ዓመታት ፈጅቶብናል" ብላ ስፌቷን ቀጠለች።

እኔ ግን ተናደድሁ። ሰው ገደልሁ እንዴ? እሑድ ዕለት እንጀራና የሽሮ ወጥ ይዤ እማማ ዘንድ ሄድሁ። ጾሙ ወጥቷል፤ ቅቤ እንኳን ባደርግበት ማንም አይናገረኝም ነበር፤ አላደረግሁበትም። አልጋው ዳር ቁጭ አልሁ። አልበሉም። ነጩ ቀሚስ እራስጌያቸው የለም።

"እማማ፣ ይቆጡኝ እሺ። ግን ይኸ ሁሉ ሰው እንደ ጠላት የሚያየኝ ምን አድርጌ ነው? ሞተው ነበር እኮ! ያለ እኔ ከዚች አልጋ አይነሱም ነበር። አስነሳሁዎ!"

ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ መለሱልኝ።

"ተነስቼስ ወዴት ልሂድ?"